የወር ዕድሜ ያለው ጀልባ፣ የሺህ ዘመን ሙያ

ሁዋንቻኮ በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በፔሩ የላ ሊበርታድ ክልል ውስጥ፣ ከትሩሂዮ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ሲሆን፣ ስሙ ከአገሩ አልፎ የሚነሣው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ አስጋሪዎቹ ከውሃ ዳር ተክል አስረው በሚሠሩት ቀጭን ጀልባ እስከ ዛሬ ድረስ ባሕር መግባታቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ወጣቶች በዚያው ባሕር የሚያዘወትሩት ሰርፊንግ፣ ማለትም ወደ ዳርቻ በሚገሠግሥ ማዕበል ላይ በሰሌዳ ቆሞ የመጋለብ ስፖርት ነው። ሁለቱን የሚያዩ መንገደኞች አንዱን የጥንት ቅሪት፣ ሌላውን የዘመኑ ፈሊጥ አድርገው ለያይተው መመልከት ይቀናቸዋል። የዚህ ምዕራፍ ዓላማ ሁለቱ ከአንድ ማዕበል፣ ከአንድ አሸዋና ከአንድ የእጅ ሙያ የተገመዱ መሆናቸውን ማስረዳት ነው፤ ከዚህም ጋር ዕድሜው ከአንድና ከሁለት ወር የማይዘል ጀልባ ከሺህ ዓመት በላይ የዘለቀ ሙያ እንዴት ሊያቆይ እንደ ቻለ ይመረመራል። በምዕራፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጭቃ ጡብ ከተማና የሸክላ ላይ ሥዕል

ከትሩሂዮ ወደ ሁዋንቻኮ የሚወስደው መንገድ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት እንኳ ባይፈጅም፣ እግረ መንገዱን የቻን ቻንን ፍርስራሽ ስለሚያልፍ ተጓዡን በብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቻን ቻን ኢንካዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እስኪያስገብሩት ድረስ የሰሜን ፔሩን ጠረፍ ይገዛ የነበረው የቺሙ መንግሥት መናገሻ ሲሆን፣ አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ከመድረሳቸው በፊት በአህጉሩ በጭቃ ጡብ ከተሠሩት ከተሞች ሁሉ ትልቁ ነው። ዩኔስኮ በ1986 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ ዝናብና ነፋስ ግድግዳውን እያጠቡት በመሆኑ በዚያው ዓመት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብም አስገብቶታል። ግድግዳዎቹ ላይ በጭቃ የተቀረጹት ምስሎች ከሞላ ጎደል የባሕር ናቸው፤ ተከታትለው የሚዋኙ ዓሦች፣ የባሕር ወፎችና የመረብ ዓይን የሚመስሉ የተጠላለፉ መስመሮች በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። ይህን ከተማ ያቆመው ሕዝብ እርሻውን በመስኖ፣ ማዕዱን ደግሞ በባሕር ያቆመ ነበር ማለት ነው።

የጀልባው ታሪክ ግን ከቺሙም ይቀድማል። ከ1ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በዚሁ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩት፣ በዘመኑ ምሁራን «ሞቼ» እየተባሉ የሚጠሩት ሕዝቦች፣ የተካኑ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በመቃብር ውስጥ ከተገኙት ማሰሮዎቻቸው መካከል በታሰረ የውሃ ዳር ተክል ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎችና አማልክት የተሳሉባቸው ወይም የተቀረጹባቸው በርካታ ናቸው። ሠዓሊው ጀልባውን በአንድ ወጥ መስመር አልፎት አልሄደም፤ ወደ ላይ የቀናውን አፍንጫ፣ ግንዱን እየዞረ የሚያስረውን ገመድ ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ ለይቶ አሳይቷል። ዛሬ በሁዋንቻኮ ዳርቻ ቆሞ የሚታየውን ጀልባ ከዚያ የሸክላ ሥዕል ጋር የሚያስተያይ ሰው፣ አሠራሩ በዋና ዋናው ነገር አለመለወጡን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ጀልባው ዛሬ የሚጠራበት ስም ግን የኋላ ዘመን ነው። «ካባዪቶ ዴ ቶቶራ» የሚለው የስፔንኛ ስም «የቶቶራ ትንሽ ፈረስ» ማለት ሲሆን፣ ስፔናውያን ይህን ስም የሰጡት አስጋሪው ጀልባውን እንደ ፈረስ ተፈናጦ፣ እግሮቹን በግራና በቀኝ አንጠልጥሎ ሲቀዝፍ በማየታቸው ነው። ፈረስ ራሱ ወደዚያ ጠረፍ የገባው ከእነዚሁ ስፔናውያን ጋር ስለ ሆነ፣ የሞቼና የቺሙ አስጋሪዎች ጀልባቸውን በፈረስ ሊመስሉት አይችሉም ነበር።

ቶቶራ፦ በበረሃ ዳር የሚዘራ ጀልባ

ቶቶራ በረግረግና በኩሬ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም፣ ቅጠል የሌለው የሚመስል ለስላሳ አገዳ ያለው ተክል ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝምድናው ሩቅ አይደለም፤ የበዓል ዕለት ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጤማና በጣና ዳር የሚበቅለው ደንገል ቶቶራ ከሚመደብበት የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። የእነዚህ ተክሎች አገዳ ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረና በአየር የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ሥሩ ውሃ ውስጥ የሚኖር ተክል አየር ወደ ሥሩ የሚያደርሰው በዚህ ቦርቧራ ውስጥ ሲሆን፣ አገዳው ሲቆረጥና ሲደርቅ ይኸው አየር እንደ ታሸገ ስለሚቀር ተክሉ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ለተክሉ መተንፈሻ የሆነው ለአስጋሪው መንሳፈፊያ ሆነ።

አስደናቂው ነገር ይህ ውሃ ወዳድ ተክል ዝናብ በማያውቅ በረሃ ዳር መብቀሉ ነው። የፔሩ ጠረፍ በዓለም ላይ ዝናብ እጅግ ከሚያንሳቸው ምድሮች አንዱ ሲሆን፣ ከአንዲስ ተራሮች የሚወርዱት አጫጭር ወንዞች ከመሬት በታች ሰርገው ወደ ባሕሩ ሲጠጉ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይቀርባል። የሁዋንቻኮ ሰዎች ከመንደሩ በስተ ሰሜን፣ ከባሕሩ ጥቂት ርቀው፣ አሸዋውን እስከዚህ ውሃ ድረስ ይቆፍሩና «ዋቻኬ» የሚባል ኩሬ ያወጣሉ። ቶቶራው የሚተከለው በዚያ ነው። እያንዳንዱ ኩሬ ባለቤት አለው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ይጸዳል፤ አሸዋ ሲሞላው እንደገና ይቆፈራል። ስለዚህ ቶቶራ ከዱር የሚለቀም ሣር ሳይሆን እንደ ማሳ የሚጠበቅ አዝመራ ነው፤ አስጋሪውም ከአስጋሪነቱ ጋር ገበሬነትን ደርቦ ይዟል።

አገዳው ሲደርስ በማጭድ ከሥሩ በላይ ይቆረጣል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ስለሚቀር ዳግመኛ ያቈጠቍጣል። የተቆረጠው ቶቶራ በአሸዋው ላይ ተዘርግቶ ለሳምንታት ፀሐይ ሲመታው አረንጓዴነቱ እየለቀቀ ወደ ገለባ ቀለም ይለወጣል፣ ክብደቱም ይቀላል። ሳይደርቅ ቢታሰር ውስጡ ይሻግታል፤ ከመጠን በላይ ቢደርቅ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። መቼ እንደ በቃው የሚያውቀው አገዳውን በመዳፉ ጨብጦ የሚፈትነው ሰው ነው።

እናትና ልጅ፦ የአራቱ እስሮች አሠራር

ካባዪቶው የሚሠራው ከአራት እስሮች ነው። ሁለቱ ረጃጅምና ወፋፍራም ሲሆኑ «እናት» ይባላሉ፤ ሁለቱ ደግሞ አጠር ያሉና ቀጠን ያሉ ሲሆኑ «ልጅ» ይባላሉ። ሠሪው መጀመሪያ አገዳዎቹን ወፍራም ጫፋቸውን ወደ ኋላ፣ ቀጭን ጫፋቸውን ወደ ፊት አድርጎ ይደረድራል፤ በዚህም ምክንያት እስሩ ወደ አፍንጫው እየቀጠነ ይሄዳል። ከዚያም አንድ ልጅ በአንድ እናት ላይ ደርቦ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞረ፣ በየዙሩ በእግሩ ደግፎ በሙሉ ኃይሉ እየሳበ ያስረዋል። ሁለቱ ጥንዶች ሲያልቁ ጎን ለጎን ይጋጠሙና በሌላ ገመድ አንድ ይሆናሉ፤ ፊተኛው ጫፍ ወደ ላይ ተስቦ እንዲቀና ይደረጋል። ልጆቹ እስሮች የጀልባውን ሙሉ ርዝመት ስለማይሸፍኑ ከኋላ በኩል ሣጥን የመሰለ ጎድጓዳ ቦታ ይቀራል፤ መረቡና የተያዘው ዓሣ የሚቀመጠው በዚያ ነው።

እንዲህ ተሠርቶ የሚወጣው ጀልባ ርዝመቱ 4 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ግን አንድ ሰው ከሚቀመጥበት ብዙም የማይበልጥ ነው። ክብደቱ ደረቅ ሳለ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ባሕር የሚያደርሰው ያህል ነው። መቅዘፊያው ለሁለት ከተሰነጠቀ ወፍራም ቀርከሃ የሚሠራ ሲሆን፣ አስጋሪው መሐሉን ይዞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይቀዝፍበታል። ገመዱ በአሁኑ ጊዜ ናይለን ሆኗል፤ መንሳፈፉ እንዲበረታ እስሩ ውስጥ የፕላስቲክ ፎም የሚጨምሩም አሉ። ቅርጹ፣ አስተሳሰሩና የእናትና የልጅ አከፋፈሉ ግን እንደ ነበረ ነው።

የዚህ ጀልባ ዋና ጉድለት ውሃ መጠጣቱ ነው። በየዕለቱ ከባሕር ሲወጣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ሆኖ በዳርቻው ላይ የሚቆመው ውሃው ተንጠፍጥፎ እንዲወርድና ፀሐይ እንዲያደርቀው ነው፤ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ የሚያነሡት ያ የቆሙ ጀልባዎች ረድፍ በእርግጥ የማድረቂያ ቦታ ነው። እንዲህም ሆኖ አገዳው እየራሰ፣ እየከበደና እየላሸቀ ይሄድና አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ወር ካገለገለ በኋላ ይጣላል፤ በምትኩም አዲስ ይታሰራል።

ይህ ጉድለት በሌላ በኩል ሲታይ የሙያው ጠባቂ ሆኖ ይገኛል። ከእንጨት የተሠራ ጀልባ ለአሥርና ለሃያ ዓመት ስለሚያገለግል ሠሪው ጥቂት አናጢ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ጀልባ መሥራትን ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰግር ሊኖር ይችላል። ካባዪቶ ያለው ሰው ግን በየዓመቱ በርካታ ጀልባ ማሰር ስላለበት፣ ማሰሩን ካልቻለ ማሰገሩን አይችልም። አባት ለልጁ የሚያሳይበት አጋጣሚ በዕድሜ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ይመጣል፤ ኩሬውም ያለማቋረጥ አገዳ እንዲሰጥ ያለማቋረጥ ይጠበቃል። በሙዚየም ተቀምጦ ለአምስት መቶ ዓመት የሚቆይ ካባዪቶ የለም፤ በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እንደ አዲስ የታሰረ ካባዪቶ ግን አለ። ሙያው የቆየው ዕቃው ስለማይቆይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማዕበሉ እንዴት ይሠራል?

ጀልባውም ሆነ የሰርፊንግ ሰሌዳው የሚጋለቡት ማዕበል ከሁዋንቻኮ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በደቡባዊው ፓስፊክ አውሎ ነፋሶች የሚወለድ ነው። ነፋሱ በሰፊ ባሕር ላይ ለረጅም ሰዓት ሲነፍስ ጉልበቱን ለውሃው ያስረክባል፤ ይህም ጉልበት በረጃጅም ሞገዶች መልክ ከነፋሱ ርቆ ይጓዛል። የሚጓዘው ጉልበቱ እንጂ ውሃው አይደለም። በመስከረም የጤፍ ማሳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር እንደሚሮጥ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ አገዳ ጎንበስ ብሎ ተመልሶ በቦታው እንደሚቀር ሁሉ፣ የባሕሩም ውሃ ከፍና ዝቅ እያለ በአካባቢው ይቀራል።

ይህ ሁኔታ የሚለወጠው ሞገዱ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ሲደርስ ነው። የታችኛው ክፍል የባሕሩን ወለል ሲነካ ይዘገያል፤ ከኋላ የሚመጣው ይደርስበታል፤ ሞገዱ እየጠበበ ቁመቱን ይጨምራል፤ የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት ብዙም የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ አናቱ ግርጌውን ቀድሞ ወደ ፊት ይደፋል። ማዕበል ተሰበረ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። በየትኛውም ዳርቻ የሚሰበር ማዕበል ግን ለግልቢያ አይሆንም፤ በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢደፋ ጋላቢው መሄጃ አይኖረውም። ሁዋንቻኮን የተመረጠ ያደረገው፣ ሞገዶቹ ከደቡብ ምዕራብ በሰያፍ መጥተው በጠረፉ መታጠፊያ ላይ ስለሚዞሩ ከአንድ ወገን ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ወገን መሰበራቸው ነው። ፊቱን ወደ መሬት ያዞረ ጋላቢ በሚሰበረውና ባልተሰበረው መካከል እየተንሸራተተ ወደ ግራው ስለሚሄድ፣ ሰርፈኞች እንዲህ ያለውን «የግራ ማዕበል» ይሉታል።

አስጋሪው ከዚህ ማዕበል ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ይገናኛል። ሲወጣ ማዕበሉ እንቅፋቱ ነው፤ የቀናው አፍንጫ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ የሚደፋውን ውሃ ሰንጥቆ እንዲያልፍ ነው። ሲመለስ ግን ማዕበሉ ጉልበቱ ይሆናል። መረቡንና ዓሣውን ከኋላ ጭኖ ከሚሰበርበት መስመር ወዲያ ይቆምና በትከሻው ላይ ዞሮ ይመለከታል፤ ትንሹን ያሳልፋል፤ የሚሆነውን ሲያይ ጥቂት ጊዜ በኃይል ይቀዝፋል፤ ጀልባው መንሸራተት ሲጀምር መቅዘፊያውን እንደ መሪ ወደ ኋላ አጥልቆ ሚዛኑን ይዞ እስከ አሸዋው ይደርሳል። ከአጠገቡ በሰሌዳው ላይ ተቀምጦ ማዕበል የሚጠብቀው ወጣትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ መጠበቅ፣ መምረጥ፣ መቅዘፍ፣ መንሸራተት።

ሥራ ወይስ ጨዋታ?

ይህ መመሳሰል «ሰርፊንግ የት ተጀመረ?» የሚል ክርክር አስነሥቷል። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሆሴ ዴ አኮስታ በ1590 ባሳተመው ስለ አሜሪካ ተፈጥሮና ሕዝቦች የሚተርክ መጽሐፍ፣ በፔሩ ጠረፍ አስጋሪዎች በታሰረ አገዳ ላይ ተፈናጠው ባሕሩን ሲያቋርጡ ማየቱን በአድናቆት ጽፏል። በሌላ በኩል በሃዋይና በሌሎች የፖሊኔዥያ ደሴቶች በእንጨት ሰሌዳ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ከነገሥታት እስከ ተራው ሕዝብ የተስፋፋ ባህል እንደ ነበር፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደዚያ የደረሱ አውሮፓውያን መስክረዋል። በ1965 ሊማ አጠገብ ፑንታ ሮካስ በተባለው ቦታ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ፔሩዊ ፌሊፔ ፖማር፣ የማዕበል ግልቢያ መነሻ የፔሩ ጠረፍ ነው የሚለውን ሐሳብ አጥብቀው ከያዙት ሰዎች ዋነኛው ነው።

ክርክሩን ለማቃለል ሁለት ነገሮችን መለየት ይረዳል። ማዕበልን ለመጓጓዣ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ ለግልቢያው ደስታ ሲባል ብቻ ደጋግሞ ወደ ማዕበሉ መመለስ ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ በዓለም የተስፋፋው፣ በሰሌዳ ላይ የሚቆምበት ስፖርት የሚወርደው ከሃዋይ ለመሆኑ ጥርጥር የለም፤ ወደ ፔሩም ቢሆን የመጣው ካርሎስ ዶግኒ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሃዋይ ሰሌዳ ይዞ ሲመለስና በ1942 በሊማ ዋይኪኪ የተባለው ክለብ ሲመሠረት ነው። ማዕበልን እያወቁ መርጠው እየተንሸራተቱ መመለስ ግን በፔሩ ጠረፍ የኖረ የሥራ ጥበብ ነው። ጎጆው ዓሣ ይዞ እንዲገባለት የሚጠብቀው ሰው ይህን ጥበብ ያዳበረው በችግር ቢሆንም፣ በመንሸራተቱ ቅጽበት ደስ አላለውም ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ሥራውና ጨዋታው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ቀዳሚነቱን ለመወሰን ከመሽቀዳደም ይህን ማስተዋል የበለጠ ይጠቅማል።

ቀዝቃዛው ባሕርና «ሕፃኑ»

ሁዋንቻኮ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 8 ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ አዲስ አበባ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ከመገኘቷ ጋር ሲነጻጸር ወደ ምድር ወገብ እንዲያውም ይቀርባል። እንዲህም ሆኖ ሰርፈኞች ወደ ባሕሩ የሚገቡት ሰውነትን የሚሸፍን የጎማ ልብስ ለብሰው ነው፤ ውሃው ይቀዘቅዛልና። ምክንያቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን በጠረፉ የሚፈሰው፣ በጀርመናዊው ተመራማሪ በአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ስም የሚጠራው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ነው። ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ከምድር መሽከርከር ጋር ተዳምሮ የላይኛውን ውሃ ከጠረፉ እየገፋ ሲያርቀው፣ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ይህ ውሃ ይዞት የሚወጣው ንጥረ ነገር በዓይን የማይታዩትን ተንሳፋፊ ዕፅዋት ያፋፋል፤ እነርሱን ትናንሽ ዓሦች፣ ትናንሾቹን ደግሞ ትላልቆቹ ይመገባሉ። መሬቱ በረሃ፣ ባሕሩ ግን ለም የሆነበት ምሥጢር ይህ ነው፤ ቀዝቃዛው ባሕር ዝናብን ይከለክላል፣ ዓሣን ግን ይሰጣል።

ሥርዓቱ በየጥቂት ዓመታት ይዛባል። ነፋሱ ሲዳከምና ሞቃት ውሃ ወደ ጠረፉ ሲገፋ ዓሣው ይሸሻል፣ በረሃው ላይም ዶፍ ይወርዳል። የሰሜን ፔሩ ባሕረኞች ሞቃቱ ውሃ በልደት ሰሞን እንደሚመጣ አስተውለው «ኤል ኒኞ»፣ ማለትም «ሕፃኑ» አሉት፤ ሕፃኑ ክርስቶስን ማለታቸው ነው። ዛሬ የዓለም የአየር ጠባይ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ቃል ከእነዚህ አስጋሪዎች አፍ የተወሰደ ነው። በ2015 የኢትዮጵያ ክረምት ያነሰበትና ድርቅ የጸናበት ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ኤል ኒኞ ስለ ነበር፣ ቃሉ ለኢትዮጵያ ገበሬ ባዕድ አይደለም። በሁዋንቻኮ አጠገብ ከ2011 ጀምሮ በተካሄደ ቁፋሮ በቺሙ ዘመን ለመሥዋዕት የቀረቡ ከ140 በላይ ሕፃናትና ላማ የተባለው የአገሩ የቤት እንስሳ ከ200 በላይ ግልገሎች አፅም የተገኘ ሲሆን፣ በቦታው የተገኘው የጭቃ ደለል ከባድ ዝናብ መውረዱን ስለሚያመለክት፣ ተመራማሪዎቹ መሥዋዕቱ የኤል ኒኞን መዓት ለማብረድ የቀረበ ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ። ባሕሩ ሲከዳ የሚወርደው ፍርሃት ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር አይገኝም።

ከጣና የሄደው ደንገል

በጣና ሐይቅ ታንኳ ያየ ሰው ካባዪቶን ሲያይ የሚሰማው የመቀራረብ ስሜት መሠረት አለው። የጣና ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ነው፤ እሱም ውሃ ይጠጣል፣ ከውሃ ወጥቶ ይደርቃል፣ ብዙም ሳይቆይ ይተካል። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ከሌላው ስለ መማሩ ማስረጃ የለም፤ ተመሳሳይ ተክልና ተመሳሳይ ችግር ተመሳሳይ መልስ ወልዷል ማለት ይበቃል።

ሆኖም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የጣና ደንገልና የቶቶራ ማሰር ሙያ በእርግጥ ተገናኝተዋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ጥንታውያን ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት በተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች አሰሩለት፤ ጀልባዋ ግን ብዙ ከተጓዘች በኋላ መዳረሻዋ ሳይደርስ በኋላ በኩል እየተፈታች ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት በአንዲስ ተራሮች ካለው ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ፣ ቶቶራ ማሰርን ከአባቶቻቸው የተማሩ የአይማራ ሰዎች የኢትዮጵያን ደንገል በራሳቸው ዘዴ አስረው «ራ ሁለት»ን ሠሩ፤ ይህችም ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ጉዞው ጥንታውያን እንዲህ ማድረጋቸውን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን የአንዲስ እጅ የጣናን ደንገል ሲይዝ ወዲያው እንዳወቀው አሳይቷል።

አሸዋው ሲሄድ

ሁዋንቻኮ ያለውን ነገር ለመጠበቅ የወጡ ድንጋጌዎች አሉ። ፔሩ በ2000 ለስፖርት የሚሆኑ ማዕበሎችን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች፤ በ2003 ካባዪቶ ዴ ቶቶራ የአገሪቱ ባህላዊ ቅርስ ተብሏል፤ በ2013 ደግሞ «ሴቭ ዘ ዌቭስ» የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ቦታውን በዓለም የሰርፊንግ ክልልነት ሰይሞታል።

ይሁንና ማዕበልን በወረቀት ማጠር አይቻልም፤ ማዕበሉ የሚሰበርበት አሸዋ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነውና። ሞገዶች በሰያፍ ሲመቱ አሸዋውን በጠረፉ ላይ እየገፉ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያጓጉዙታል፤ ዳርቻው ወንዝ ነው ቢባል ውሃው አሸዋ ነው። ከትሩሂዮ በስተ ደቡብ በሳላቬሪ ወደብ መርከቦችን ከማዕበል ለመከላከል ወደ ባሕር የገባ ረጅም የድንጋይ ግንብ ከተሠራ ወዲህ፣ ይህ የአሸዋ ጉዞ ከግንቡ ጀርባ ይታገታል። ባሕሩ ግን ከሰሜኑ ዳርቻ መውሰዱን አላቆመም። በዚህ ምክንያት ከወደቡ በስተ ሰሜን ያሉት ዳርቻዎች እየተበሉ ሄደዋል፤ በሁዋንቻኮም ዳርቻው ጠብቧል፣ ባሕሩም ወደ ቶቶራ ኩሬዎቹ ተጠግቷል። ከየብስ በኩል ደግሞ ለጎብኚ ተብሎ የሚሠራው ቤትና ሆቴል መሬቱን ያጣብባል። ኩሬዎቹ በሁለት ወገን ተይዘዋል።

የጉዳዩ ክብደት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማዕበሉ ቢጠበቅና ኩሬዎቹ ቢጠፉ ሰርፈኛው መጋለቡን ይቀጥላል፤ አስጋሪው ግን በሁለት ወር ውስጥ ጀልባ አልባ ይሆናል። የወር ዕድሜ ያለው ጀልባ ሙያን በመደጋገም እንደሚያቆይ ሁሉ፣ መደጋገሙ የተቋረጠ ዕለት ሙያውን ይዞ ለመጥፋትም ፈጣን ነው። አንድ ትውልድ ሳያስር ቢያልፍ የሚቀጥለው የሚማርበት አሮጌ ጀልባ እንኳ ቆሞ አይጠብቀውም።

የጎብኚው ድርሻ

እንግዳ ለሁዋንቻኮ ሸክምም በረከትም ሊሆን ይችላል። ወጣቶች ከባሕር ሥራ ወደ ሌላ ሥራ እየፈለሱ ባሉበት ጊዜ፣ ጎብኚን በካባዪቶ አሳፍሮ ማዕበል ላይ ማንሸራተት ለአንዳንድ አስጋሪ ተጨማሪ ገቢ ሆኗል፤ የመንደሩ ልጆችም ሰርፊንግ እያስተማሩ ይተዳደራሉ። ለአስጋሪው ተገቢውን ዋጋ መክፈል፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፣ ዓሣውን እዚያው ከሚያሰግሩት መግዛት፣ በሰሌዳ ባሕር የገባም ከሆነ ጭኖ ለሚመለሰው ጀልባ መንገድ መልቀቅ ትናንሽ ነገሮች ቢመስሉም የአክብሮት መለኪያዎች ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 29 በሚከበረው የአስጋሪዎች ጠባቂ የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል የደረሰ ሰው፣ የቅዱሱ ምስል «ፓታቾ» በተባለ ትልቅ የቶቶራ ጀልባ ባሕር ሲገባ ያያል፤ ለዕለት ሥራ የሚውለው እጅ የበዓሉንም ጀልባ የሚሠራው ከዚያው ኩሬ በተቆረጠ አገዳ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ጎብኚው ከማዕበሉ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ቢራመድና ኩሬዎቹን ቢያይ መንደሩን በእውነት ጎበኘ ይባላል። ሲመለስም በዳርቻው የቆሙትን ጀልባዎች ከፎቶግራፍ አንሺ ዓይን በተለየ ዓይን ሊያያቸው ይችላል። አንዳንዶቹ ጠቁረው፣ ወገባቸው ላልቶ፣ ገመዳቸው ወደ ውስጥ ሰምጦ ይታያሉ፤ እነዚህ አገልግለው የጨረሱ ናቸው። ከመካከላቸው የገለባ ቀለም ያለው፣ ጫፉ የሾለ፣ ገመዱ ገና ያልቆሸሸ ጀልባ ካለ፣ በዚያ ሳምንት አንድ ሰው ኩሬው ዘንድ ሄዶ የደረቀውን አገዳ በመዳፉ ፈትኖ አስሯል ማለት ነው። የሁዋንቻኮ ሙያ በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው በዚያ አዲስ ጀልባ ነው።